የጀግና ፊት፦ ጭምብል፣ የፈረስ ስምና የዘነበወርቅ ልጆች

የኮሚክ መጽሐፍ ልዕለ ጀግና ሁለት ነገር ይደብቃል፤ ፊቱንና ስሙን። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ያወጡት ሱፐርማን መነጽር አጥልቆ ክላርክ ኬንት ይሆናል። በ1962 እስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ የፈጠሩት ስፓይደርማን ደግሞ ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ ተሸፋፍኖ ይወጣል። ሰበቡ የታወቀ ነው፤ ጠላት ማንነቱን ከደረሰበት ያሳደገችውን አክስቱን ይበቀልበታል። ይህ ሕግ ከእኛ የጀግንነት ሥርዓት ጋር ይጋጫል። ወጣቶቻችን ልዕለ ጀግኖችን ሲስሉና ሲመስሉ ግጭቱ አደባባይ ይወጣል፤ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዙሪያ በተመሠረተው የአዲስ አበባ ሰፈር በዘነበወርቅ ደግሞ የፊት ነገር ከጨዋታ ያልፋል።

የእኛ ጀግናም ሁለተኛ ስም አለው፤ የፈረስ ስም። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም ግን መሸሸጊያ ሆኖ አያውቅም፤ በጦር ሜዳ ተጮኾ የሚጠራ፣ ወዳጅ የሚሰበሰብበት፣ ጠላት የሚርድበት ስም ነው። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን አገርና የጣለውን ጠላት ይቆጥራል። ከስፓይደርማን ጭምብል ሥር ያለው ፒተር ፓርከር ቤተሰቡን ለማዳን ስሙን ሲውጥ፣ ፎካሪው ቤተሰቡን ለማክበር ስሙን ያውጃል። አንዱ የሚኖረው ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ሌላው ሁሉም የማን ልጅ እንደሆነ በሚያውቅበት አገር።

ሥዕላችንም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓይኑ ተከፍቶ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የአድዋ ሥዕሎች ይህን ልማድ ወደ ጦር ሜዳ አወረዱት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ሲወርድ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ተመልካቹን ፊት ለፊት እያየ ይተኩሳል፤ የጣልያን ወታደሮች ባብዛኛው በጎን ገጽታ ተሰልፈዋል። በዚህ ልማድ ያደገ ዓይን ደግነትን የሚያነበው ከተገለጠ ፊት ነው። ስለዚህ ዓይኑ እንኳ የማይታየው ስፓይደርማን ለሥዕል ልማዳችን እንግዳ ብቻ አይደለም፤ የሥርዓቱ ግልባጭ ነው።

በየዓመቱ የካቲት 23 በአድዋ ድል በዓል የሚታየው ትዕይንት ይህን ያጠናክራል። ወጣቶች ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ይመጣሉ፤ ሴቶች በካባ እንደ እቴጌ ጣይቱ ይለብሳሉ። ጃፓኖችና አሜሪካውያን በኮሚክ አውደ ርዕይ ከሚያደርጉት ጋር በቅርጽ አንድ ነው፤ የጀግናን ልብስ ለብሶ ጀግናውን መሆን። ልዩነቱ ጎፈሩ ፊትን ከቦ የሚያጎላ፣ ለባሹም በገዛ ስሙ የሚፎክር መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩት የዲጂታል ሥዕሎች ምኒልክንና ጣይቱን በማርቭል ፊልም ፖስተር አኳኋን ያቀርባሉ፤ ጡንቻው የተወጠረ፣ ሰማዩ እሳት የለበሰ። ሥዕሉ ከኮሚክ ብርሃኑንና ጡንቻውን ይወስዳል፤ ጭምብሉን ግን አይወስድም።

ወደ ዘነበወርቅ ስንመጣ ጉዳዩ ይጠናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በወጣትነቷ ካረፈችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በምዕራብ አዲስ አበባ ዳርቻ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በስሟ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ቦታ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከሉ አለርት ተመሠረተ። ከየክፍለ አገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነውም ወደ ቀዬአቸው መመለስ ስላልቻሉ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ፤ የሰፈሩ ብዙ ቤተሰቦች የእነዚህ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። በሽታው ቅንድብ ያረግፋል፣ አፍንጫ ያጎድላል፣ ጣት ያጥፋል። በመድኃኒት ከተፈወሰ በኋላ እንኳ ምልክቱ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ በነጠላ የተከናነበ ፊት ለብዙ ዘመን ኀፍረትን የመሸሸጊያ መንገድ ነበር። ዛሬ በሰፈሩ አስፋልት የስፓይደርማን ቦርሳ አንጠልጥሎ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ አያቱ በግድ የተሸፈኑበትን ነገር በደስታ ይለብሳል።

ኮሚክ ለዚህ ልጅ የሚሰጠው ክፉ ገጸ ባሕርይ ግን ችግር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1942 የተፈጠረው የባትማን ጠላት ቱ ፌስ ክፋቱ በአሲድ ከተቃጠለ ግማሽ ፊቱ ጋር ተያይዟል። በ1962 የመጣው ዶክተር ዱም የብረት ጭምብል ያጠለቀው የተጎዳ ፊቱን ለመደበቅ ነው። ዘውጉ ብዙ ጊዜ ያልተነካ ፊትን ለጀግና፣ የተጎዳውን ለጠላት ያከፋፍላል። ይህን ድልድል ሳይጠይቅ የሚቀዳ ሠዓሊ ዘነበወርቅ ላይ ጎረቤቱን በጠላት ቦታ ያስቀምጣል።

በእርግጥ ጭምብል ሌላ ፊትም አለው። እስታን ሊ ስለ ስፓይደርማን ሲናገር፣ ሙሉ ልብሱ የቆዳ ቀለም ስለማያሳይ ማንኛውም ልጅ ከሥሩ ራሱን ማየት ይችላል ብሏል፤ የዘነበወርቁ ልጅም የገባው በዚያ በር ነው። በሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ ከ1985ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ተከራዮች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ በ1987 ሱፐርባሪዮ የተባለ ባለ ጭምብል ሰው በቀይና ቢጫ የትግል ልብስ ለመብታቸው ተሰለፈ። ያ ጭምብል የሰፈሩ ሁሉ ፊት ሆነ። ሆኖም እኛ ዘንድ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ብሔራዊ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የመረጡት ተቃራኒውን ነው። በገዛ ፊታቸውና በገዛ ስማቸው ቀረቡ። በእኛ ሚዛን ይህ ከሱፐርባሪዮ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል፤ መገለል የሚጀምረው ከፊት ነውና።

የአገር ውስጥ ልዕለ ጀግኖች መመዘን ያለባቸው በዚህ በተገለጠ ፊትና ስም ሚዛን ነው። ብሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» ትልቁ ጥንካሬው ጀግናውን አማኑኤል ጥላሁንን በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ማድረጉ ነው። ኃይሉ ሳይመጣ በፊት ሲቪ ይዞ የሚንከራተት ወጣት አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። የብሩክታዊት ጥጋቡ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው «ጥበብ ገርልስ» አኒሜሽን ደግሞ የልጃገረዶቹን ኃይል ያለ ዕድሜ ጋብቻን በመሰሉ ጎጂ ልማዶች ላይ ያነሣል። ሁለቱም ዘውጉን ወደ ቤት አምጥተዋል። ብዙ ጊዜ ግን ውይይታችን ጀግናው ጥበብ ለበሰ ወይስ አልለበሰም፣ ስሙ አበሻ ነው ወይስ ፈረንጅ በሚል ይቆማል። ጥበብ ጠርዙ ላይ የተሰፋበት ካባ ውስጡ የክላርክ ኬንትን ሕግ እንደያዘ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ቀጣዩ የአማርኛ ኮሚክ ሲታተም ሐያሲው ሁለት ጥያቄ ያንሣ። ጀግናው አባቱን ጠርቶ፣ ሰፈሩን ጠቅሶ በገዛ ስሙ መቆም ይችላል? ጠላቱስ ክፉነቱን የሚያሳየን በሥራው ነው ወይስ በጠባሳው? የመጀመሪያው ጥያቄ ከፉካራው፣ ሁለተኛው ከዘነበወርቅ የመጣ ነው። ሁለቱን ያለፈ ሥራ ከውጭ የተዋሰውን መልክ የራሱ አድርጎታል፤ ያላለፈው ልብስ ቀይሯል እንጂ ጀግና አልፈጠረም።