ነጭ ግድግዳና ረቂቅ ሕዋስ፤ በዓሣ ዝግጅት ንጽሕና ላይ የቀረበ ሒስ

«ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ነው» ይላል የአገራችን ተረት። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሹማምንት እንጂ ስለ ዓሣ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ቃል በቃል ብንወስደውም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ጤናማ የሆነ ዓሣ በሕይወት ሳለ ሥጋው ከባክቴሪያ ንጹሕ ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው በቆዳው ልጋግ፥ በአንጀቱና ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው መተንፈሻው፥ ማለት በስንጥቡ ላይ ነው። ዓሣው ሲሞት ይከላከልለት የነበረው ኀይል ስለሚቀር እነዚህ ረቂቅ ሕዋሳት ወደ ሥጋው መዝለቅ ይጀምራሉ። እንግዲህ ዓሣን ቀዶ፥ ቆዳውን ገፎና ፊሌቶ አውጥቶ ለሰው ማዕድ የሚያቀርብ ሁሉ በመሠረቱ ሁለት ሥራ አለበት፤ አንደኛ፥ በቆዳና በሆድ ያለው ባክቴሪያ ወደ ሥጋው እንዳይተላለፍ መከልከል፤ ሁለተኛ፥ የተላለፈው ጥቂት እንዳይበዛ መጠበቅ።

በዚህ ጽሑፍ ያሰብነው ባክቴሪያ ምን እንደ ሆነ ለማስተማር አይደለም፤ ይህንስ መምህራኖቻችን ከእኛ ይልቅ አብራርተው ያስተምሩናል። ያሰብነው የዓሣ ንጽሕና በምን እንደሚፈረድ፥ ፍርዱስ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለመመርመር ነው። በዚህ ነገር ሦስት ዐይነት ፍርድ እናገኛለን፤ በዐይንና በአፍንጫ የሚደረገውን፥ በመጨረሻ ናሙና የሚደረገውን፥ ከፋብሪካው በር የሚጀምረውን። ሦስቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ሦስቱም ግን ብቻቸውን ሲቆሙ ያሳስታሉ ብለን እናምናለን። ለዚህም በጎረቤቶቻችን አገሮች፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የደረሰውን ለማስረጃ እናቀርባለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የዐይንንና የአፍንጫን ፍርድ እንመልከት። ይህ ፍርድ ከሁሉ የቈየ ነው። ገበያ የለመደች ሴት የዓሣውን ዐይን አይታ፥ ስንጥቡን ገልጣ፥ ሥጋውን በጣቷ ተጭና ትኩስነቱን ስታውቅ፥ ዕውቀቷን የሚንቅ ቢኖር ሞኝ ነው። ነገር ግን የሚያገማና የሚያሳምም አንድ አይደለም። ዓሣን የሚያገሙት ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰውን አይጎዱም፤ ሰውን የሚጎዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽታ አያሳዩም። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂነስ የሚባለው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳ፥ በማቀዝቀዣ ውስጥ፥ በዝግታ ይራባል። ብርቱ መርዝ የሚያፈራው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ዐይነት ኢ ደግሞ አየር በሌለበት ጥቅል ውስጥ በ3 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ሊያድግ ይችላል። በቱናና በመሰሎቹ ዓሦች ባክቴሪያዎች ሂስታሚን የተባለውን ነገር ያበጃሉ፤ ባክቴሪያው በእሳት ቢሞትም ሂስታሚኑ በመቀቀል አይጠፋም።

በ1950 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኦሳካ በከፊል የደረቁ ትንንሽ ዓሦችን የበሉ 272 ሰዎች ታመው 20ዎቹ ሞቱ። ፉጂኖ የተባሉት ሊቅ ከዚህ አደጋ ተነሥተው ዛሬ ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኙ። ይህ ሕዋስ ከባሕር ውኃ ጋር የሚኖር ነው እንጂ ከቆሻሻ እጅ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሙቀት ሲመቸው ደግሞ በ10 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ንጹሕ ሰው ከንጹሕ ባሕር ያጠመደው ዓሣ እንኳ ከሙቀት ካልተጠበቀ ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

ዐይን የሚሳሳተው በዓሣው ብቻ አይደለም፤ በገበታውም ላይ ይሳሳታል። የታጠበ የሚመስል መክተፊያ ባክቴሪያ በሚያበቅል ምግብ ላይ አትሞ በማግስቱ የተመለከተ ተማሪ ይህን ያውቃል። ባክቴሪያዎች በብረትና በፕላስቲክ ላይ፥ ይልቁንም ቢላዋ በፈለጠው ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቀው ራሳቸውን በሚያዳልጥ ሽፋን ይከድናሉ። ደምና ልጋግ ባለበት ገበታ ላይ ክሎሪን ቢፈስ ኀይሉን የሚጨርሰው በደሙ ላይ ነው። በጣም የፈላ ውኃ አስቀድሞ ቢፈስ ደግሞ ደሙን አርግቶ ከገበታው ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ መፋቅ፥ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፥ በሳሙና ማሸት፥ እንደገና ማለቅለቅ፥ ከዚህ በኋላ መድኃኒቱን ማፍሰስ ተራውን የጠበቀ ሥራ ነው። ተራው ከተዛባ መድኃኒቱ የሚያጸዳው የሠራተኛውን ኅሊና እንጂ ገበታውን አይደለም። የእጅ ጓንትም እንዲሁ ነው፤ አንጀት የነካ ጓንት አንጀት ከነካ እጅ አይሻልም፤ እንዲያውም የለበሰው ሰው ቆሻሻው ስለማይሰማው የባሰ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፍርድ የናሙና ፍርድ ነው። የተዘጋጀው ዓሣ በሣጥን ታሽጎ ሲያልቅ ጥቂት ሣጥን ተከፍቶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ሳልሞኔላ ካልተገኘ ጭነቱ «ንጹሕ» ተብሎ ይሄዳል። እስቲ ይህን በሒሳብ እንመዝነው። ከ100 ሣጥን አንዱ የተበከለ ነው እንበል። 5 ሣጥን ብንመረምር አምስቱም ንጹሕ ሆነው የሚገኙት ከ100 ጊዜ በ95ቱ ነው። ምርመራውን ወደ 60 ሣጥን ብናሳድገው እንኳ ከ100 ጊዜ በ55ቱ ያህል ብክለቱ ያመልጠናል። እንግዲህ ናሙናው «አላገኘሁም» ይላል እንጂ «የለም» አይልም፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ግን በምስክር ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ይህን ድካም የተረዱ ሰዎች ሌላ መንገድ ፈልገዋል። በ1960ዎቹ የአሜሪካው የፒልስበሪ ኩባንያ ከጠፈር ምርምር ድርጅቱ ከናሳና ከአገሩ ጦር ሠራዊት ጋር ሆኖ ለጠፈር ተጓዦች ምግብ ሲያዘጋጅ፥ ምግቡን በመመርመር ብቻ ንጽሕናውን ማረጋገጥ እንደማይቻል ተገነዘበ፤ በቂ ምርመራ ከተደረገ የሚበላ አይተርፍምና። ስለዚህ አደጋው የት ሊገባ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅንና በየወሳኙ ቦታ ሙቀቱን፥ ሰዓቱን፥ ውኃውን እየለኩ መጠበቅን መረጠ። ይህ ሃሳፕ በሚል አጭር ስም የታወቀው ሥርዐት በ1971 ዓ.ም. ለሕዝብ ተገለጠ፤ በ1993 ዓ.ም. ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ጉባኤ መመሪያውን ተቀበለ፤ በአሜሪካም ለባሕር ምግብ አዘጋጆች ሁሉ ከ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ ሆነ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ እኛም እንቀበለዋለን። ሒሳችን ሐሳቡ ከየት እንዲጀምር እንደ ተደረገ ነው።

ይህም ወደ ሦስተኛው ፍርድና ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያደርሰናል። በኬንያ፥ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የናይል ፐርች ፊሌቶ ወደ አውሮፓ የሚልኩ ፋብሪካዎች በሐይቁ ዙሪያ ተቋቁመው ነበር። ከ1996 መጨረሻ እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እስፓኝና ኢጣሊያ በጭነቱ ሳልሞኔላ ተገኘ ብለው በራቸውን ዘጉ፤ ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት ጭነቱ ሁሉ እንዲመረመር አዘዘ። በጥር 1998 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው ኮሌራ ስለ ገባ ኅብረቱ ከነዚህ ሦስት አገሮችና ከሞዛምቢክ የሚመጣውን ትኩስ ዓሣ ከለከለ። የዓለም ጤና ድርጅት እገዳው ተገቢ መንገድ አለመሆኑን ቢገልጽም ክልከላው የተነሣው በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ነው። በነዚያ ወራት ፋብሪካ ሲቆም ፊሌቶ አውጪው ሥራ ፈታ፤ የዓሣው ዋጋ ሲወድቅ ባለ ታንኳው ከሰረ።

ከዚህ በኋላ ፋብሪካዎቹ ብዙ ገንዘብ አወጡ። ግድግዳው በነጭ ሸክላ ተለበጠ፤ በየበሩ የእግር መንከሪያ ተበጀ፤ ልብስ መቀየሪያ፥ የውኃ ማጣሪያና ላቦራቶሪ ተሠራ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ዓሣው ወደ ፋብሪካው ከመድረሱ በፊት በታንኳ ላይና በሐይቁ ዳር ሰዓታት ያሳልፍ ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙዎቹ የዓሣ ማውረጃ ዳርቻዎች ንጹሕ ውኃ፥ በረዶ፥ ጥላ፥ መጸዳጃ ቤትና አጥር አልነበረም። ዓሣው በአሸዋ ላይ ይወርዳል፤ ሰው በሚታጠብበትና ከብት በሚጠጣበት ውኃ ይለቀለቃል።

ሳልሞኔላ እንደ ቪብሪዮ ከውኃው ጋር የተፈጠረ አይደለም፤ ከሰውና ከእንስሳ ሰገራ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በዓሣ ላይ ሲገኝ የሚነግረን ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ ዳርቻው ነው። ሰዓትም እንዲሁ ይቈጠራል። በየ20 ደቂቃው እጥፍ የሚሆን አንድ ሕዋስ በሚመቸው ሙቀት 6 ሰዓት ቢቈይ 262,144 ይሆናል። ዓሣ የሚበላሽበትም ፍጥነት በ10 ዲግሪ ሲቀመጥ በዜሮ ዲግሪ ካለው በ4 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ጠዋት በፀሐይ የባከነውን ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚያበራው ነጭ ግድግዳ መልሶ ሊሰጥ አይችልም። በኋላ ዘመን የተሻሻሉ ዳርቻዎች መኖራቸውን አንክድም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የሚያስተዛዝብ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ጎብኝው መርማሪ የሚያየው ነው፤ መጨረሻ የተሠራው ባክቴሪያው የሚገባበት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ታሪክ ስናወራላቸው «ነገሩ ሁሉ የባለጸጎች አገሮች የንግድ ተንኰል ነው» ይሉናል። በኮሌራው ክልከላ ነቀፌታቸውን በከፊል እንቀበላለን፤ የኮሌራ ሕዋስ በደንብ በበሰለ ዓሣ ውስጥ አይተርፍምና። በሳልሞኔላው ግን አንቀበልም። እዚያ የተገኘው ብክለት በገዢው አገር ሰው ላይ ብቻ አይፈርድም፤ በሐይቁ ዳር ያንኑ ውኃ የሚጠጣው ሕፃን ከማንም በፊት የሚታመም ነው። ይልቅስ የሚያሳዝነው፥ የውኃው ክፋት የታወቀው የሩቁ በላተኛ ሲያማርር መሆኑ ነው።

ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በዓሣ አጥማጁና በፊሌቶ አውጪው «አለመሠልጠን» ላይ ይጥላሉ። እኛ ተማሪዎችም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለንም፤ የተማረ ሰው ስለ ንጽሕና ሲናገር ቶሎ የሚያየው የሌላውን እጅ ነው። «እጅህን ታጠብ» የሚለው ማስታወቂያ ውኃ በሌለበት ቢለጠፍ ስድብ እንጂ ትምህርት አይሆንም። ተቅማጥ የያዘው ሠራተኛ ዓሣ አይንካ የሚለውም ደንብ ትክክለኛ ደንብ ነው፤ ነገር ግን «ታምሜአለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው የቀን ደመወዙን የሚያጣ ከሆነ ደንቡ እውነተኛውን ሰው ይቀጣል፥ ዝም ያለውንም ይሸልማል። ስለዚህ የሕመም ቀን ደመወዝ ከባክቴሪያ መከላከያዎች እንደ አንዱ ሊቈጠር ይገባዋል እንላለን።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም ከጣና፥ ከዝዋይ፥ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳል፤ በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛል፤ ፊሌቶም በሐይቅ ዳር ይወጣል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬውን ፊሌቶ በሚያቃጥል ቅመም መብላት የታወቀ ነው። «ሎሚውና በርበሬው ይገድለዋል» የሚለውን ከጓደኞቻችን አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሎሚ የላዩን ባክቴሪያ በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ሊታመኑበት የሚገባ መግደያ አይደለም። በእሳት ያልተፈተነ ዓሣ መድኅኑ በረዶው፥ ውኃውና ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥሬ የሚበላበት ቦታ ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ ውኃና በረዶ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ታላቅ ፋብሪካ ይሠራ አንልም። ገንዘብ ሲገኝ አስቀድሞ በሐይቁ ዳር የንጹሕ ውኃ ቧንቧ፥ ጥላ ያለው ለስላሳ ገበታ፥ መጸዳጃ ቤትና የበረዶ ሣጥን ይቅደም፤ ነጩ ግድግዳ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እኛም ተማሪዎች ባለን ዐቅም አንድ ሥራ ልንሠራ እንችላለን፤ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይዘን ዓሣው ከመረብ ከወጣ ጀምሮ ወጥ ቤት እስኪደርስ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ሙቀቱን መመዝገብ፥ ዓሣው የሚታጠብበትንም ውኃ ናሙና ወደ ላቦራቶሪያችን ማምጣት። እንዲህ ያለው መዝገብ ሲገኝ ስለ አጥማጁ እጅ ከመናገራችን በፊት ስለ ውኃው የምንናገረው ይኖረናል። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ቢያገኙ አርመውን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉ፥ ወደ ሐይቁ ለመሄድ የሚሹም ከእኛ ጋር እንዲተባበሩ በትሕትና እንለምናለን።