«የዓለም ዜጋ ነኝ» ስለ ማለት

በዚህ ዘመን ከወጣቶች አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «እኔ የዓለም ዜጋ ነኝ» የሚል ነው። ቃሉ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ደስ የሚያሰኝ ቃል ሁሉ የተመረመረ ቃል አይደለምና፣ እናንተ በአሶሳና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወጣቶች ከእኔ ጋር ሆናችሁ በሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ቃሉ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ ዲዮጋንስ አገሩ ወዴት እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ የዓለም ዜጋ ነኝ ብሎ እንደ መለሰ ይነገራል። ይህ ሰው ከትውልድ ከተማው ከሲኖፕ ተሰዶ የወጣ ነበር። እንግዲህ ቃሉ ከስደተኛ አፍ መውጣቱን ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ ራዲዮ ግሎብስካን በተባለ ድርጅት አማካይነት የ18 አገሮችን ሰዎች፣ ራሳቸውን ከአገራቸው ዜግነት ይልቅ እንደ ዓለም ዜጋ ያዩ እንደ ሆነ አስጠይቆ ነበር። ከመቶው 51ዱ አዎን አሉ፤ በናይጄሪያ 73፣ በቻይና 71 ሆኑ። ኢትዮጵያ ከተጠየቁት አገሮች መካከል አልነበረችም። እኔ ግን ነቀፋዬ በመልሱ ላይ ሳይሆን በጥያቄው ላይ ነው። «ይልቅ» የምትለው ቃል ሰውን ያለ አስፈላጊ ምርጫ ታስገድደዋለች። ሰው የእናቱ ልጅ በመሆኑ የአባቱ ልጅነት ይቀንስበታልን?

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንምጣ። በአሶሳ ይህን ቃል የሚናገሩት ወጣቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ በስልኩ መስተዋት የለንደንን የኳስ ቡድን ሲያይ አምሽቶ፣ የተጫዋቾቹን ስም ከነተቀያሪዎቻቸው ይቈጥራል፤ ጎረቤቱ የበርታ ሽማግሌ በራሱ ቋንቋ ሰላምታ ሲሰጠው ግን መልሱን አያውቅም። ይህ ወጣት ተመልካች ነው እንጂ ዜጋ አይደለም። ዜጋ ማለት ግዴታ ያለበት ሰው ነውና።

የሁለተኛው ነገር ግን ያሳዝናል። በ1995 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚጠራቸው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው። እነዚህ ሕዝቦች ለረጅም ዘመን ተንቀውና ተገፍተው የኖሩ ስለ ሆነ፣ ስማቸው በሕግ መጻፉ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሠፈሩ ሰዎች እዚሁ ወልደዋል፤ ልጆቻቸውም ሌላ አገር አያውቁም። እንዲህ ያለው ልጅ «መጤ» ሲባል «እንግዲያውስ የዓለም ነኝ» ቢል አይፈረድበትም። ቃሉ ለእርሱ ትዕቢት ሳይሆን መጠለያ ነው። ነገር ግን ይህ መጠለያ ዝናብ ያስገባል፤ ለምን ቢባል፣ ዓለም የሚባለው አካል መታወቂያ አይሰጥም፣ ክስ አይሰማም፣ መሬት አይመራም።

ይህን ለማረጋገጥ ወደ ሸርቆሌ መሄድ ይበቃል። በዚያ ያለው የስደተኞች መጠለያ ከ1989 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሱዳን ሰዎችን ሲያስተናግድ ኖሯል፤ በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ሌሎች ብዙዎች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ስደተኛው ከሁላችን ይልቅ የዓለም ሰው ነው፤ ጠረፍ ተሻግሯል፣ የዓለም ማኅበርም ይረዳዋል። ቢሆንም የጎደለው ዓለም አይደለም፤ ስሙን ጠርቶ «የእኔ ነህ» የሚለው መንግሥት ነው። የመሥራትና የመማር መብት ያገኘውም የዓለም ስምምነት በአየር ላይ ስለ ተንሳፈፈ ሳይሆን፣ አንዲት አገር በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስለ ፈቀደችለት ነው። ስለዚህ የዓለም ሕግ የሚሠራው በአገር እጅ ነው፤ አገሩን የተወ ሰውም ዓለምን የሚረዳበትን እጅ ቈርጧል።

ይህን ስል ግን ወደ ሌላው ስሕተት እንዳትሮጡ እለምናችኋለሁ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። ያ ቀን «የእኔ ወገን ብቻ» የሚለው አሳብ መጨረሻው ወዴት እንደ ሆነ አሳይቶናል። አንዱ ለማያየው ሕዝብ ፍቅር እየነገረ ጎረቤቱን ይረሳል፤ ሌላው ጎረቤቱን አይቶ ሰውነቱን ይክዳል። ሁለቱም የሚያጡት አንድ ነገር ነው፤ በአጠገብ ያለውን ሰው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርኩበት ዘመን የአውሮፓን ወንዞች በቃላችን እናወርድ ነበር፤ ዳቡስ ወዴት እንደሚፈስ ግን ማንም አልጠየቀንም። ዳቡስ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም በጉባ በኩል አልፎ ሱዳንንና ግብፅን ያጠጣል። በጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቅ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ወጣት የዓለም ነገር ከደጁ ይጀምርለታል። ግድቡ የአገሩ ኩራት መሆኑን ይወቅ፤ ስለ ግድቡ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ወደ ሌላ መንደር የሄዱትን ጉሙዞች አኗኗር ይጠይቅ፤ በታች በኩል ያለው የሱዳን ገበሬም ስለ ውሃው የሚያስበውን ለመስማት ይታገሥ። ይህን ሦስት ነገር ያደረገ ሰው፣ ቃሉን ባይናገረውም የዓለም ዜጋ ነው።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ስሙን ለመያዝ አትቸኵሉ። አስቀድማችሁ የጎረቤታችሁን ቋንቋ ሰላምታውን እንኳ ተማሩ፤ በሰፈራችሁ ተወልዶ ያደገውን ሰው መጤ ከማለት ተከልከሉ፤ ከሸርቆሌ ወደ ገበያ የመጣውን ሰው በዋጋ አታታልሉት። ዜግነት ከዚህ ይጀምራል፤ ወዴት እንደሚደርስ ደግሞ ሥራችሁ ይናገራል።