የባልጩት ስለት

ከአርባ ምንጭ በላይ ባሉት የጋሞ ደጋዎች የከብት ቆዳ በባልጩት የሚፍቁ ባለሙያዎች አሉ። ድንጋዩ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲሜትር ገደማ። አንድ ገጹ ለጥ ያለ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ስለቱ ነው። ስለቱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መኻሉ በመጠኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ቆዳውን ቀድሞ የሚነካው መኻሉ ነው፤ ጥጎቹ ቆዳው ውስጥ አይሰነቀሩም።

እጀታው እንጨት ነው። አንደኛው ዓይነት ወፈር ያለ ሲሆን በግራና በቀኝ ጎኑ ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ድንጋይ ይገባል፤ ዙሪያው በጋለ የዛፍ ሙጫ ይሞላል። ሙጫው ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ከውስጡ ብቅ የሚለው ስለቱ ነው። ቆዳው በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይቆማል። ባለሙያው እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ከሥጋ በኩል ያለውን ስብና ስስ ሽፋን ይፍቃል።

ስለቱ ሲደነዝዝ ድንጋዩ መብላቱን ትቶ ይንሸራተታል። ያኔም ከእጀታው አይነቀልም። እዚያው እንዳለ ጠርዙ በትንሽ ብረት መታ መታ ይደረጋል። ምቱ የሚያርፈው ለጥ ባለው ገጽ በኩል ነው፤ ቅንጣቢው ከጎበጠው በኩል ይፈናጠራል። ሥራው ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ እስከ ሌላው ይሄዳል። ምቱ ከላላ ጠርዙ ይደቅቃል እንጂ አይሰላም፤ ከበረታ ድንጋዩ ይጎረዳል። የሰንሰለት መጋዝ ጥርስ በሞረድ ሲሳል ብዙ ጊዜ የ30 ዲግሪውን ማዕዘን የሚያሳይ መሪ አለ። እዚህ መሪው ዓይንና ጣት ነው።

በተሳለ ቁጥር ድንጋዩ ያጥራል፤ የጠርዙም ማዕዘን እየሰፋ ይሄዳል። ወደ ሙጫው ሲጠጋ ሙጫው በእሳት ይለሰልሳል፣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይተካል። የጥሩ ባለሙያ ቁጠባ እዚህ ላይ ይታያል፤ ከድንጋዩ ጥቂት አንሥቶ ብዙ ጊዜ ይስለዋል።

የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዋ ካትሪን ዊድማን አርተር እነዚህን ድንጋዮች ለዓመታት አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ስለ ድንጋይ መሣሪያዎች ሕይወት መጽሐፍ አሳትመዋል። ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ በጠርዙ ላይ የሚቀር ትንሽ ሹል ጉጥ ነው። ጉጡ የሚበዛው በለማጆችና ጉልበታቸው በደከመ አዛውንቶች ድንጋይ ላይ ነው። በሙሉ አቅሙ የሚሠራ ባለሙያ ጠርዝ ግን ለስላሳ ቅስት ነው። ጉጥ ቆዳ ይቀድዳል።

ለስላሳው ቅስት እንግዲህ በአጋጣሚ አይገኝም። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ በዓመታት የሚቀስመው ነው። ቆዳ ሠሪዎች በጋሞ ለረጅም ዘመን ከመሬት ባለቤትነትና ከሌሎች ጋር ከመጋባት ተገልለው ኖረዋል። ጠርዙን ቀርቦ ያየ ሰው ግን ይህ መገለል ከሙያ ማነስ እንዳልመጣ ይረዳል።