ስለ ምንጭ ምርመራ ትምህርት አጭር ሂስ

ተማሪዎች ከኢንተርኔት የሚያገኙትን ጽሑፍ መርምረው እንዲቀበሉ ለማስተማር በብዙ ኮሌጆች የተለመደው ዘዴ የጥያቄ ዝርዝር ነው። ጸሐፊው ማን ነው? መቼ ተጻፈ? ዓላማውስ ምንድን ነው? ይባላል። ከነዚህ ዝርዝሮች እጅግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቺኮ የተዘጋጀው ነው። ለጀማሪ መልካም መነሻ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከሌላ ጽሑፍ ጋር ማመሳከርን ከብዙ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ስለሚያደርገው፣ የተማሪው ዓይን ከያዘው ገጽ ሳይነሣ ይቀራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የጣና አገር ራሱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የዓባይን ምንጭ በማየት ከአውሮፓውያን ቀዳሚው እርሱ እንደ ሆነ ጻፈ። መጽሐፉ በዝርዝሩ ቢመረመር ያልፋል፤ ጸሐፊው የታወቀ ነው፤ በዓይኑ ያየውን ይናገራል። ስሕተቱ የሚገለጠው ግን መጽሐፉን ዘግቶ ሌላውን ለከፈተ ነው፤ የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዚያው ስፍራ ደርሶ ነበርና። ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ሲያከብር የኖረውን የሰከላን ሕዝብማ ማን ቆጠረው!

የስታንፎርዶቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ሊቃውንትን፣ 10 የዜና እውነት አጣሪዎችንና 25 ተማሪዎችን ፈትነዋል። በልጠው የተገኙት አጣሪዎቹ ናቸው፤ ከማያውቁት ገጽ ቶሎ ወጥተው ሌሎች ስለ እርሱ የሚሉትን ይፈልጉ ነበርና።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የውጭው ዝርዝር የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በማን አቆጣጠር?» የሚለው ነው። የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው የኃይል ማመንጫ የተመረቀው በግንቦት 2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ዘመኑ 2010 ነው። በባሕር ዳር ሆኖ የሐይቁን ከፍታ የሚያጠና ተማሪ ሁለቱን ሳያስታርቅ ቢገለብጥ፣ የውኃውን ለውጥና ምክንያቱን በስምንት ዓመት ያለያያቸዋል። በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ ውሳኔ ቢሰጥ ጉዳቱ የሚወድቀው በዓሣ አስጋሪው ላይ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ይሻር አንልም። ነጥብ የሚሰጠው ግን ጥያቄዎቹን በቃል ለሸመደደ ሳይሆን፣ አንዱን ጽሑፍ ከሌሎች ሁለት ጋር አመሳክሮ የት እንደሚለያዩና የትኛውን ለምን እንደ ተቀበለ በጽሑፍ ላስረዳ ተማሪ እንዲሆን መምህራኖቻችንን እናሳስባለን።