ዋጋ ያልተጻፈበት ፎልደር

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠራ አንዲት ሀበሻ ኤጀንት ለቤት ገማች ያሰናዳችውን ፎልደር ሳገላብጥ ዓይኔ ቀድሞ የፈለገው ዋጋ ነበር። የለም። ስለ አንድ ቤት ያን ሁሉ ጽፋ፣ “ይህን ያህል ያወጣል” የሚል ቃል የትም አላስገባችም።

ቁጥብነቱ በከፊል ከሕግ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ ገማችን በማስፈራራትም ሆነ በመደለል ወደሚፈለገው ቁጥር መጎተትን ይከለክላል። መረጃ ማቀበልን ግን አልከለከለም። ብዙ ኤጀንቶች የመጀመሪያውን ሰምተው ሁለተኛውን ስለሚዘነጉ፣ ቁልፉን በር ላይ በተንጠለጠለችው ሳጥን ትተው ይጠፋሉ።

እኔን ያስደነቀኝ የጎረቤት ሽያጮች ገጽ ነው። በተለመደው የባንክ ግምት ገማቹ ቢያንስ 3 ያለቁ ሽያጮችን ማነጻጸር አለበት። እሷ 4 አቅርባለች፤ አንዱ ማንም ሻጭ እንዲታይ የማይፈልገው ርካሽ ሽያጭ ነው። ከጎኑ በአጭሩ፣ አባት ለልጁ የሸጠው እንደሆነና ገበያ ላይ እንዳልወጣ ጽፋለች። ገማቹ ከመዝገብ ማግኘቱ አይቀርም፤ ተደብቆ ቢያገኘው የቀሩትን ሦስቱንም ይጠራጠር ነበር።

ቤዝመንቱ ለብቻው ተቀምጧል። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ በሚያስገድደው የአለካክ ደንብ መሠረት፣ በከፊልም ቢሆን ከመሬት በታች ያለ ወለል የቱንም ያህል ቢያምር ከዋናው ስፋት ጋር አይደመርም። ባለቤቲቱ ይህን አልወደዱትም።

“ልጄ፣ ስንት እንግዳ ያሳደርኩበትን ቤዝመንት እንዴት ትተይዋለሽ?”

“አልተውኩትም እትዬ፤ የራሱ መስመር አለው።”

በመስመሩ ላይ ስፋቱ አለ፤ ከሥሩ የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ቅጂ ተያይዟል። “ቤቱ ታድሷል” የሚል ባዶ ሙገሳም አልጻፈችም፤ ጣሪያው በየትኛው ዓመት እንደተቀየረና ስንት እንደፈጀ ከነደረሰኙ አስቀምጣለች። ገማቹ ሲመጣ ቡና ማፍላት ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። መዓዛ የሚሞላበት ቦታ ግን በፎርሙ ላይ የለም።

ገዢው የፌዴራል መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የኤፍኤችኤ ብድር ስለሚገዛ ሌላ ጣጣም ነበረ። ውኃና መብራት መሥራት አለባቸው፤ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የተላጠ ቀለም መታረም አለበት፤ ገማቹም ጣሪያ ሥር አንገቱን አስገብቶ ማየት መቻል አለበት። የዚህ ቤት የጣሪያ ሥር መግቢያ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ አገር ቤት ለመሄድ ከተከመሩ ሻንጣዎች በላይ። ኤጀንቷ ከቀጠሮው ቀን በፊት ሻንጣዎቹን ሳሎን አስወጣቻቸው። መግቢያው ተዘግቶ ቢገኝ ገማቹ ዳግም መምጣት ነበረበት፤ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ የውሉም ቀን ይገፋል።

አንድ ነገር ብቻ ባታስገባው እመርጥ ነበር፤ ስለ ሰፈሩ ውበት የጻፈችውን አንቀጽ። ገማቹ ሰፈሩን ከእሷ ባልተናነሰ ያውቀዋል።