ሩዝ ሲሸጥ ቤት ያምራል

ወረታ ላይ ቤት ገዢ የሚበዛው ሩዙ ተወቅቶ ሲሸጥ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ የርብና የጉማራ ወንዞች ጎድለዋል፤ የፎገራ ሜዳም ደርቋል። ብር እጅ የሚገባውና የቤት ጉድለት የሚደበቀው በአንድ ወቅት ነው። በድለላ ስኖር የሥራ ባልደረባዬን የምመዝነውም በዚህ ነው፦ ገዢው ሳይጠይቀው ስለ ክረምቱ ይነግረዋል ወይ?

አፈራችን ዋልካ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠለቀ ቤትም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ቤት ሳሳይ መጀመሪያ በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ። መቃኑ ላይ እየያዘ አልዘጋ ካለ፣ ከመስኮቱም ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ከወጣ፣ መሠረቱን መጠርጠር ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ የግድግዳውን ግርጌ አያለሁ፤ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ የተመረገ ግድግዳ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጎረቤት ነው። «እማማ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው እስከ የት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ከሻጩ መሐላ ይሻላል።

ወረቀቱም እንዲሁ ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማጣራት ይገባል፤ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት እንዲደረግ ያዛል። «ቀብዱን ስጥ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል ደላላ ለኮሚሽኑ ነው የቸኮለው። የሩዝ ማሳ ቆርሶ በቦታ ስም የሚያሻሽጠውንማ ሽሹት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬው ማሳውን ቢያከራይ እንጂ ሊሸጥ አይችልም።

ኮሚሽኑን ቤት ሳታዩ ተነጋገሩ። በብዙ ቦታ ሁለት በመቶ የተለመደ ነው፤ ከማን እንደሚወሰድ ግን አስቀድሞ ይቆረጥ። ዋጋውንም ከሻጩ አፍ ስሙ። ገዢና ሻጭ እንዳይገናኙ የሚከልል ደላላ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ የጨመረው ብር አለ።

ገዢም ግን ግዴታ አለበት። ቤቱን ካሳየው ሰው ጀርባ ከሻጩ ጋር የሚዋዋል ገዢ ደላላን ውሸት ያስተምራል። «ይህ ቤት አይሆንህም» ያለ ደላላ የዚያን ቀን እንጀራውን ትቷል፤ ቀጣዩን ቤት በእሱ በኩል ግዙ።