እምቢ ማለት የሚያውቅ ቁጥር

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሰርግ አለ እንበል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከታዳሚው ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንድሮይድ የያዘ ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ እጁ ላይ የስልኩ ሶፍትዌር እምብርት የሆነው ሊኑክስ ከርነል አለ። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል፤ እያንዳንዱን ምስል ስክሪኑ ሊያሳየው፣ ግራፊክስ ቺፑ ሊያቀናብረው፣ ኢንኮደሩ ጨምቆ ፋይል ሊያደርገው ይፈልጋል። አንድ ያልተጨመቀ ፉል ኤችዲ ምስል 3 ሜጋባይት ያህል ነው። ለሦስቱም ፈላጊዎች ለየብቻ ቅጂ ይሠራ ቢባል ባትሪው ያልቃል፣ ስልኩም ይግላል። ስልክ ለማጋል ደግሞ የድሬ ፀሐይ ብቻዋን ትበቃለች።

ስለዚህ ምስሉ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ፈላጊዎቹ ሁሉ እዚያው ሄደው ያዩታል። ይህ የጋራ ባፈር ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲያልቅ ነው። ቦታው ለሌላ ሥራ እንዲውል ማን ይልቀቀው? ካሜራው እንዳይለቅቅ ኢንኮደሩ ገና አልጨረሰ ይሆናል፤ ኢንኮደሩም ስክሪኑ ምን ላይ እንደደረሰ አያውቅም። መልሱ ድሬዎች ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከሚያውቁት ደንብ አይርቅም፤ መጨረሻ የወጣ ይቆልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። የያዘ አንድ ይጨምራል፣ የለቀቀ አንድ ይቀንሳል፣ ቁጥሩን ዜሮ ያደረሰው ሜሞሪውን ይመልሳል። አሜሪካዊው ጆርጅ ኮሊንስ ይህን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ሐሳቡ ለልጅም ይገባል፤ ሥራው ግን እስከ ዛሬ ጎበዞችን ያለፋል።

የስልኩን ባፈሮች የሚያጋራው የከርነል ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 በሊኑክስ 3.3 ገባ፤ ዋናው ጸሐፊው ሱሚት ሰምዋል ነው። የመጀመሪያው ብልሃት እዚህ ይታያል። ለባፈሩ አዲስ ቆጣሪ አልተሠራለትም፤ ባፈሩ ራሱ እንደ ፋይል ሆኖ ቀረበ። ከርነሉ የተከፈተን ፋይል ስንት ሰው እንደያዘው መቁጠር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የካሜራው አፕ ሳይሰናበት ቢሞት እንኳ ከርነሉ የሞተው ፕሮግራም የያዛቸውን ፋይሎች ሁሉ ይዘጋል፤ ከእነሱ ጋር የባፈሩም ቆጠራ ይቀንሳል። ጥሩ ሠራተኛ ያለውን መሣሪያ ሳይፈትሽ አዲስ አይሠራም።

ቆጠራ ሲሳሳት በሁለት መንገድ ይሳሳታል። የያዘው ሰው መቀነስ ከረሳ ቁጥሩ ዜሮ አይደርስም፤ ሜሞሪው ባክኖ ይቀራል። ሳይጨምር የያዘ ወይም ሁለት ጊዜ የቀነሰ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ያለጊዜው ዜሮ ይሆናል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጥና የድሮው ተጠቃሚ የሌላውን ዕቃ ያነባል፣ ይጽፍበታል። የመጀመሪያው ብክነት ነው። ሁለተኛው ለሰርጎ ገብ የተከፈተ በር ነው።

ሁለቱ ስህተቶች የሚገናኙበት ቦታ እንዳለ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በግልጽ ታየ። ከርነሉ ውስጥ የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ ክፍል አለ። አንድ ፕሮግራም የያዘውን የቁልፍ ማኅደር በዚያው በራሱ ተካልኝ ብሎ ሲጠይቅ ቆጠራው በአንድ ይጨምርና መቀነሱ ይረሳ ነበር። ሲያዩት ተራ ብክነት ነው። ነገር ግን ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ አንድ ቢጨመርበት ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፐርሴፕሽን ፖይንት የተባለው ድርጅት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ደጋግመው ደጋግመው በመላክ ቁጥሩን አዞሩት፤ በአንድ ተራ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ብክነቱ በትዕግሥት ወደ በርነት ተለወጠ። ስህተቱ ከሊኑክስ 3.8 ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ሪፍካውንት የሚባለው የቆጣሪ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2017 በሊኑክስ 4.11 የገባው ይህን በር ሊዘጋ ነው። ዋናው ጸሐፊ ፒተር ዚልስትራ ሲሆን፣ በሚሊዮኖች መስመር ውስጥ የተበተኑትን የድሮ ቆጣሪዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ በመቀየር ኤሌና ሬሼቶቫና ባልደረቦቿ ደክመዋል። የድሮው ቆጣሪ ማንኛውም ቁጥር የሚያደርገውን ሁሉ ያደርግ ነበር። አዲሱ ከዚያ አብዛኛውን ተከልክሏል። ከዜሮ ተነስቶ አንድ አይሆንም፤ ዜሮ ማለት ዕቃው ተለቋል ማለት ስለሆነ ሙት አይነሳም። ከዜሮ በታችም አይወርድም። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ዜሮ ከመዞር ይልቅ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢጨምር ቢቀንስ አይነቃነቅም። ዕቃው ለዘላለም አይለቀቅም ማለት ነው። ሠሪዎቹ ከሁለቱ ክፉዎች ቀላሉን አውቀው መርጠዋል፤ ሜሞሪ ይባክን፣ በሩ ግን አይከፈት።

ጥንቃቄ ዋጋ አለው። መጀመሪያ የተሠራው ቆጣሪ ከእያንዳንዱ መጨመር በፊት ይፈትሽ ስለነበር ፍጥነት የሚወዱ ክፍሎች አጉረመረሙ። ስለዚህ ሙሉው ጥበቃ ለተወሰነ ጊዜ እንደ ምርጫ ቀረበ፤ የፈለገ ይከፍተዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። በሊኑክስ 5.5 ዊል ዲኮን ምርጫውን አላስፈላጊ አደረገው። የእሱ ቆጣሪ መጀመሪያ ይጨምራል፣ የቀድሞውን ቁጥር የሚያየው ከጨመረ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ የተበላሸ ከሆነ ያርመዋል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በመጨመሩና በማረሙ መካከል ቅጽበታዊ ክፍተት አለ። በዚያች ቅጽበት ሌሎች እየገቡ ቢጨምሩበትስ?

የሥራው ውበት ያለው ለዚህ ጥያቄ በተሰጠው መልስ ውስጥ ነው። ጤነኛ ቆጠራ ከዜሮ እስከ 2,147,483,647 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግማሽ የብልሽት ክልል ሆኖ ታጥሯል። የተበላሸ ቆጣሪ የሚቆምበት ቁጥር 3,221,225,472 ነው፤ የክልሉ ትክክለኛ መሐል። ወደ ላይ ሄዶ ዜሮ ለመድረስ 1,073,741,824 ይቀረዋል፤ ወደ ታች ወርዶ ጤነኛ ለመምሰልም ያንኑ ያህል። ሊኑክስ በአንድ ጊዜ ሊያስተናግደው የሚችለው የሥራ ብዛት ጣሪያ 4,194,304 ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 256 ይመጣል። ቆጣሪውን ከብልሽት ክልል ለማስወጣት በማሽኑ ላይ ሊኖር የሚችለው ሥራ ሁሉ እያንዳንዱ 256 ጊዜ ተደራርቦ እዚያች ቅጽበት ውስጥ መገኘት አለበት። ይህ ስሌት ከምን ሁኔታ ጋር እንደሚሠራ ጭምር በኮዱ ማብራሪያ ላይ ተጽፏል። ሠሪው ክፍተቱን አልደበቀም፤ ለካው፣ ከዚያም ጉዳት የማያደርስበት ቦታ ላይ አስቀመጠው።

የማይታይ ሌላ ጥንቃቄም አለ። የስልክ ፕሮሰሰር አንዱ ኮር የጻፈውን ነገር ሌሎቹ ኮሮች በጻፈበት ቅደም ተከተል ላያዩት ይችላሉ። ስለዚህ ሪፍካውንት ሲቀንስ፣ ቀናሹ ከዚያ በፊት በባፈሩ ላይ የሠራው ሁሉ ከመቀነሱ ቀድሞ እንዲታይ ያስገድዳል፤ ዜሮ ያደረሰውም ያንን ሁሉ ሳያይ መልቀቅ አይጀምርም። ሲጨምር ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። የሚጨምረው ሰው ዕቃውን አስቀድሞ በትክክል አግኝቶታልና። ግዴታው በሚያስፈልግበት ብቻ ተጥሏል፤ በማያስፈልግበት ዋጋ አይከፈልም።

ቪዲዮው ሲላክስ? በኔትወርክ የሚሄደው ቁራጭ ፓኬት ይሆናል። የመላኩን ሥራ የሚመራው ቲሲፒ ዋናውን ይዞ የሚልከው ክሎኑን ነው፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ ደግሞ እንዲልከው። ሁለቱ መግለጫቸው ይለያያል እንጂ ዳታቸው አንድ ነው። እዚህ ያለው ቆጣሪ ለሁለት የተከፈለ ነው። የታችኛው 16 ቢት ዳታውን የያዙትን ሁሉ ይቆጥራል፤ የላይኛው 16 ቢት ከእነሱ ውስጥ «ይዘቱን እንጂ አድራሻ የሚጻፍበትን አናቱን አልነካም» ብለው የገቡትን ይቆጥራል። ከሁሉ እነዚያን ሲቀንሱ አንድ ከቀረ፣ አድራሻ የሚጽፈው ክፍል ዳታው በጋራ እንደተያዘ አናቱ ላይ ያለ ቅጂ መጻፍ ይችላል። በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ዓይነት መብት ተይዟል።

ሥራው አልተጠናቀቀም። እ.ኤ.አ. በ2019 የደኅንነት ተመራማሪው ያን ሆርን የሜሞሪ ገጾች ቆጣሪ ራሱ ሊዞር እንደሚችል አሳየ፤ 140 ጊጋባይት ገደማ ሜሞሪ ያለው ማሽን ያስፈልግ ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ያመጣው መድኃኒትም ያው እምቢ ማለት ነው፤ ቁጥሩ አጠራጣሪ ሲሆን አዲስ መያዝ ይከለከላል፣ ጠያቂውም «አይሆንም» የሚል መልስ ለመቀበል መዘጋጀት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በሊኑክስ 6.1 የገባው ረስት ቋንቋ ደግሞ መቀነሱን ከሰው ትውስታ ወደ ኮምፓይለሩ አዞረው። ሆኖም ከርነሉ ውስጥ ያለው የረስት ቆጣሪ ከሥሩ የሚጠቀመው ያንኑ ሪፍካውንት ነው።

የሪፍካውንት ኮድ ያለበት ፋይል ለማንም ክፍት ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ አውርዶ ሊያነበው ይችላል፤ ከትእዛዙ ይልቅ ማብራሪያው ብዙ ቦታ እንደያዘም ያያል። ማካፈሉን በራሱ እጅ ሠርቶ 256ን ቢያገኝ ከብዙ መማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል። ይህን ቆጣሪ የሠሩት ሰዎች ተጠቃሚያቸው እንደሚረሳ፣ ጠላታቸው እንደሚታገሥ፣ ማሽናቸውም ቅደም ተከተል እንደሚያዛባ አስቀድመው ተቀብለዋል። ከዚያ በኋላ ለሚፈጠረው ስህተት ዋጋውን ራሳቸው ተመኑ፤ ዋጋው ጥቂት የባከነ ሜሞሪ ነው። የሙያ ሥራ የምለው ስህተት የማይደርስበትን ሳይሆን፣ ስህተት ሲደርስ ምን እንደሚያስከፍል ሠሪው አስቀድሞ የወሰነበትን ነው።